በጠበቃው ቢሮ አንድ ወንበር ነበር

የወንድሜ ልጅ አጁሉ ሕግ ተመርቃ ከመጣች ወዲህ ማለዳ ማለዳ ከደጄ ማንጎ ሥር ትቀመጥና አዲስ አበባ ላሉ የጥብቅና ድርጅቶች ማመልከቻ ትሞላለች። ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ አንዱን ስትጨርስ ወደ ሌላው ታልፋለች። ኔትወርክ ሲጠፋባት ተነሥታ ስልኳን ወደ ሰማይ እያነሣች ግቢውን ትዞራለች። እኔ አጠገቧ በቆሎ እየፈለፈልኩ አዳምጣታለሁ፤ ጥያቄዎቹን ጮክ ብላ ማንበብ ልማዷ ነው። «አክስቴ፣ ‹ለምን ከእኛ ጋር መሥራት ፈለጉ› ይላል። ምን ልበል?» ትለኛለች። «ሥራ ስለሌለኝ በያቸው» እላታለሁ፤ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ግን «የሚችሏቸው ቋንቋዎች» የሚለው ላይ ደረሰች። አኝዋክኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ ብላ ጻፈችና ቆም አለች። «ኑዌርኛም ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ። ‹በጣም ጥሩ› ብዬ ብሞላው አዲስ አበባ ላይ ማን ይፈትነኛል?» አለች። መፈልፈሌን ተውኩ። «እንዳትሞዪ» አልኳት። ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ስለነበር ቀና ብላ አየችኝ። ለምን እንደከለከልኳት የነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ለእሷ ያልነገርኳትንም ጨምሬ።

እኛ ጋምቤላዎች ክልል የሆንን ሰሞን ነው። ዓመቱን እንዲህ ነው ብዬ ልምል አልችልም። የማስታውሰው ሽታውን ነው፤ ከተማው በሙሉ አዲስ ቀለም ቀለም ይሸት ነበር። ትናንት መጋዘን የነበረው ቤት ዛሬ ቢሮ ይሆናል፤ ቀለም ቀቢው መሰላሉን ተሸክሞ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ሲዞር ይውላል። የአንዱ ቢሮ ስም ሳይደርቅ ይለወጥና ቀለም ቀቢው እንደገና ይጠራ ነበር። ከጎሬና ከመቱ በኩል በሚወርዱት የጭነት መኪኖች ላይ ከቡና ጆንያው ጋር ፍራሽ፣ አልጋና አስተማሪ አብረው ይመጣሉ። ደገኞቹ እንደ ወረዱ ሹራባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዙታል፤ በሦስተኛው ቀን ሹራቡ ከእጃቸውም ይጠፋል። ሻይ በስሙኒ ነበር። ጉርድ ፎቶ የሚያነሣው ሰው ገበያው ጥግ ላይ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ሳጥኑን ተክሎ ይቆማል፤ ሁላችንም በእሱ ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት ነን፤ ዓይናችን የፈጠጠ፣ ግንባራችን በላብ ያበራ። ሥራ ፈላጊው ብዙ ስለነበር ከዳቦ ሻጩ ይልቅ የእሱ ወረፋ ይረዝም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ትበርድና ከተማው እንዳለ ወደ ባሮ ድልድይ ይወጣል። ወጣቶቹ ሱሪያቸው ከታች ሰፊ ነው፣ ሸሚዛቸው ከሱዳን በኩል የመጣ አበባ አበባ ነው፤ አንዱ በትከሻው በተሸከመው ሬዲዮ በዓረብኛ የሚዘፍን ሰው ድምፅ ከወንዙ ላይ ይንሳፈፋል። ቃሉን የሚያውቅ ጥቂት ቢሆንም ዜማውን ሁላችንም እናንጎራጉረው ነበር። ዛሬ ድልድዩ ላይ ባጃጅ እንዳይገጨን ዳር ዳር ይዘን እንሄዳለን፤ ያኔ መሐሉን ይዘን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንሄደው።

እጄን የምትይዘው ኛማል ነበረች። የተዋወቅነው በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በተከፈተው የታይፕ ትምህርት ነው። አራት የአማርኛ ታይፕራይተሮች ነበሩ፤ የአንደኛው «ጠ» አይመታም ነበርና ጽፈን ስንጨርስ በእስክሪብቶ እንሞላዋለን። «ለአኝዋኮችማ ‹ጠ› ከአፋቸውም እምቢ ይላል» እያለች ኛማል ታበሽቀኝ ነበር፤ ራሷ ኑዌር ሆና ከእኔ የባሰ እንደምትለው እያወቀች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። አባቴ የትምህርት ቤት ዘበኛ ስለነበር ያደግኩት በደገኛ አስተማሪዎች ልጆች መሐል ነው፤ አማርኛዬና የእጅ ጽሑፌ ከዚያ የመጡ ናቸው። ኛማል ከስምንተኛ ነው ያቋረጠችው። እናቷ ኢታንግ ላይ ከአኝዋክ ሴቶች ጎን ተቀምጣ ዓሣ ስትሸጥ ነው ያሳደገቻት። ከዚያ ወደ ጋምቤላ ሲመጡም ገበያው ውስጥ የእናቷ ቦታ ከአክስቶቼ ቦታ ብዙ አይርቅም ነበር። እኔ ኑዌርኛ የማውቀው ሰላምታና የአምባዛ ዓሣ ዋጋ ነው፤ እሷ ግን አኝዋክኛን እንደኛ ሰው፣ ቀልዱንም ስድቡንም ሳይቀር ትናገረው ነበር። እናቴ ከጓዳ ሆና ስትሰማት የእኛ ዘመድ የመጣ መስሏት ስንት ጊዜ ውኃ ቀድታ ወጥታለች። ማንበቡ ላይ ቀስ ትላለች፣ ጣቷን እያስከተለች። ጽሑፏ ደግሞ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ታይፕ ላይ ግን ከሁላችንም ትፈጥን ነበር።

አቶ ታዬ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ደጋ ላይ ብዙ ዘመን ዳኛ ሆነው የሠሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ጥብቅና የያዙ ሰው ናቸው። አዲስ የተቋቋመው ፍርድ ቤት አጠገብ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ተከራይተው «ጠበቃና የሕግ አማካሪ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። በዚያ ሙቀት ኮታቸውን አያወልቁም። ሰው ይሥቅባቸው ነበር፤ ሆኖም ጉዳይ ያለበት ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። አንድ ቀን ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ አማርኛ አጣርቶ የሚጽፍ፣ ታይፕ የሚችል፣ ከአኝዋክኛና ከኑዌርኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉም አንድ ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ፎርም በቢሮው ይሰጣል ይላል። ሮጠን ሄድን። በማባዣ የተባዛ ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ ጣት ላይ ይቀራል። ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ሰጡን። «ከተበላሸ ሌላ የለም፣ ወረቀት ውድ ነው» አሉ አቶ ታዬ።

ገበያው ጀርባ ካለ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ የራሴን ሞላሁ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የትምህርት ደረጃ፤ እጄ ቀለል ብሎት ሄደ። ቋንቋ የሚለው ላይ ስደርስ ሠንጠረዡ ሦስት ምርጫ ነበረው፤ ጥቂት፣ ደህና፣ በጣም ጥሩ። ኑዌርኛ ብዬ «በጣም ጥሩ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ቀስ ብዬ እማራለሁ፣ ኛማል ታስተምረኛለች አልኩ ለራሴ። ከዚያ ኛማል የራሷን ፎርም ዘረጋችልኝ። «አቻን፣ አንቺ ጻፊልኝ። እኔ ከጻፍኩት ሰውዬው ዓሣ የተጠቀለለበት ወረቀት ይመስለዋል» አለች። ሳቅንና ጀመርኩላት። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ክፍሏን። ቋንቋው ላይ አማርኛ፣ ኑዌርኛ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው መስመር ባዶ ነበር። አየሁት። አኝዋክኛ ብዬ ብጽፍ ሥራው የእሷ እንደሚሆን አየሁ፤ አማርኛዋን ታሻሽለዋለች፣ ሁለቱን ቋንቋ ግን እንደሷ የሚያውቅ ከተማው ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው። ቤታችን ውስጥ ከአባቴ በቀር ሥራ ያለው አልነበረም፤ አባቴም ያን ዓመት ዓይኑ እየደከመ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንዲት ሴት አጠገባችን አልፋ እስክትሄድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። መስመሩን ዘለልኩት። ገጹን ገለበጥኩና «እዚህ ላይ ፈርሚ» አልኳት።

«አንብቢው እንጂ መጀመሪያ» አልኳት፤ ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ፈረመች። ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነሥቼ ስመለስ ወረቀቱን አጣጥፋ ይዛው ነበር። ወደ አቶ ታዬ ቢሮ ስንሄድ እንደ ወትሮዋ አላወራችም። ሙቀቱ ነው አልኩ።

በሳምንቱ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ኛማል አልተጠራችም። መጥታ እጄን ጨበጠችኝ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ቅር ብሏት ነው፣ ይተዋታል ብዬ አለፍኩት። ቢሮው ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ታይፕራይተርና ለጸሐፊ አንድ ወንበር ነበር፤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ክልሉ የተቋቋመው ለእኔ ይመስለኝ ጀመር። አቶ ታዬ ጥብቅ ሰው ናቸው። «አቻን፣ ባለጉዳዩ የሚለውን ጻፊ። ማለት የፈለገው ነው ብለሽ የምታስቢውን አትጻፊ» ይሉኝ ነበር። አኝዋክ ባለጉዳይ ሲመጣ ጎበዝ ነበርኩ። ኑዌር ሲመጣ ግን ጆሮዬን እያቆምኩ፣ የማውቀውን ቃል እንደ ድንጋይ እየረገጥኩ እሻገር ነበር። ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። እግዜር ይመስገን ትልቅ ጉዳይ አልመጣም አልኩ።

ከዚያ ኛቦል መጣች። አሮጊት ናት፣ ከወንዙ ማዶ። ልጇ የሰው ጀልባ ሰረቀ ተብሎ ታስሯል። ጀልባው የአንድ አኝዋክ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሰውየው በሌላ ሰው ጀልባ ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ለዓሣ እንደሄደ አልተመለሰም፣ ልጁን የከሰሰው የሰውየው ወንድም ነው። ኛቦል ብዙ ተናገረች። እኔ የያዝኩት «ጀልባ»፣ «ወሰደ»፣ «በቆሎ»፣ «ልጄ» የሚሉትን ነው። አንድ ቃል ደጋግማ ደረቷን እየመታች ትላለች፤ እሱን አላወቅኩትም። አቶ ታዬ «ምን ትላለች?» አሉኝ። «ልጄ በቆሎ ለማምጣት ጀልባውን ወሰደ፣ ተቸግሮ ነው ትላለች» አልኩ። አቶ ታዬ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲህ አምናለች ማለት ነው። ይቅርታ መጠየቅ ነው ያለን አማራጭ» አሉና ነገ ከሰዓት በኋላ ለፍርድ ቤቱ የሚቀርበውን አቤቱታ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጻፍኩ። «አንብቢላት» አሉኝ። በኑዌርኛ አንድ ሁለት ቃል አጉረመረምኩላት። አሮጊቷ ራሷን ነቀነቀች፣ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ያንን ቃል እንደገና አለችው። እጇ ሻካራ ነበር፣ ትኩስ ነበር። ወረቀቱን ማኅደር ውስጥ ከተትኩት።

በነጋታው ጠዋት ቢሮ አልገባሁም። ወደ ገበያ ሄድኩ። ኛማል ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ዓሣ እየገፈፈች ነበር። ፊቷ ቆሜ ቃሉን አልኳት፤ አሮጊቷ እንደምትለው አድርጌ። «ምን ማለት ነው?» አልኳት። ቢላዋዋ ቆመ። «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ልጁ የት ነው?» «ፖሊስ ጣቢያ» «ወረቀቱስ?» «ዛሬ ከሰዓት ይገባል።» እጇን ባልዲው ውስጥ ታጠበች፣ ቀሚሷ ላይ አበሰች። «እንሂድ» አለች።

ስንደርስ ቢሮው በሰው ተሞልቷል። ኛቦል በር ላይ ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ ደግሞ በዚያው ሌሊት ከወንዝ የተመለሰው የጀልባው ባለቤት ቆሟል። የልጁን መታሰር ሰምቶ ነው የመጣው፤ ግን አማርኛ አይችልም፣ እኔን ይጠብቁ ነበር። ኛማል ማንንም ሳታስፈቅድ ከአሮጊቷ ፊት ተንበረከከችና አነጋገረቻት። አሮጊቷ ማልቀስ ጀመረች። ኛማል ወዲያው ወደ ሰውየው ዞራ በአኝዋክኛ ጠየቀችው፤ ሰውየው እየጮኸ መለሰላት፤ እንደገና ወደ አሮጊቷ፣ እንደገና ወደ ሰውየው። ከዚያ ተነሥታ አቶ ታዬን፣ በእኛ አገር አማርኛ «አንተ» እያለች፣ «አንተ አባት ስማኝ። ይቺ እናት የምትለው ልጄ ጀልባ አልወሰደም፣ ሰውየው በእጁ ሰጠው ነው። አደራ ነው የምትለው። አደራ! በቆሎ አምጣልኝ ብሎ በአደራ ሰጠው። ሰውየውም እውነት ነው ይላል» አለቻቸው።

አቶ ታዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ማኅደሩን ከፍተው የጻፍኩትን አወጡ፣ ቀደዱት። ከዚያ ኛማልን አዩዋት። «አንቺ አኝዋክኛም ትችያለሽ?» «እችላለሁ።» «እዚህ አመልክተሽ አልነበረም እንዴ?» «አመለከትኩ።» መሳቢያቸውን ከፈቱ፣ ፎርሞቹን አገላበጡ፣ የእሷን አገኙ። ቋንቋው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከዚያ የእኔን አወጡና ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ፎርም። ነጋሪ የሚያስፈልጋቸው ሰው አይደሉም፤ ስንት ዓመት ሐሰተኛ ሰነድ ሲመረምሩ ነው የኖሩት። «ይኼን የጻፈው ማነው?» አሉ። ኛማል ከእኔ ቀደመች። «እሷ ናት የጻፈችልኝ። ረስታው ነው። እኔ ነኝ ያቻኮልኳት» አለች። አቶ ታዬ ወደ እኔ ዞሩ። «እንደዚያ ነው፣ አቻን?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር፣ የከፈተችውም እሷ ናት። «አልረሳሁም» አልኩ። «አውቄ ነው የዘለልኩት። የእኔም ኑዌርኛ ሐሰት ነው።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን በሙሉ አላስታውስም። አቶ ታዬ አልጮኹም። ልጁ በዚያው ከሰዓት በኋላ ባለጀልባው ቃሉን ሲሰጥ እንደሚለቀቅ ተናገሩ፤ ተለቀቀም። ለእኔ «በዚህ ሥራ ላይ ሌላው ሁሉ ይታረማል፣ ይኼ ግን አይታረምም» አሉኝና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ በእጃቸው አሳዩኝ። ወጣሁ። ኛማል ተከትላኝ ወጣች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር። ግን ተናዳ ነበር። «እኔን ውሸታም አደረግሽኝ፣ በሽማግሌ ፊት!» አለች። «ኛማል፣ እኔ…» «ዝም በይ። አንብቤዋለሁ። ያን ቀን አንቺ ውኃ ልትጠጪ ስትሄጂ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ከዛፉ ሥር ተነሥተን እስከዚህ በር ድረስ ትነግሪኛለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። እዚህ ስንደርስ እንኳ፣ አሁን ትላለች አልኩ። አላልሽም።» «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ለምን አስገባሽው?» «ሌላ ፎርም የለም አለ እኮ» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «ጓደኛዬ ሌባ ናት ከምል ሥራው ይቅርብኝ አልኩ» አለች። ወደ ውስጥ ተመልሳ ገባች፤ አቶ ታዬ ስሟን እየጠሩ ነበር።

ወንበሩ ላይ እሷ ተቀመጠች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ድልድዩ ላይ ስንገናኝ ዳር ዳራችንን ይዘን እንተላለፍ ነበር። በኋላ በከተማችን ክፉ ቀን መጣ፣ የእሷ ሰዎችና የእኔ ሰዎች የተፈራሩበት ጊዜ መጣ፤ ያኔ ሰዎች እኔና ኛማል የማንነጋገረው በዚያ ምክንያት ይመስላቸው ነበር። እኔም አላረምኳቸውም። ይህን መናገር ከፎርሙ የባሰ ያሳፍረኛል። የእኔን ጥፋት የዘር ጠብ ሸፍኖልኝ ኖረ። እኔ በኋላ አንድ ቢሮ ውስጥ መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሥራዬን እስክተው ድረስ የሥራ ማመልከቻ ስቀበል ኖርኩ። መጻፍ ለማይችል ስሞላለት ቃል በቃል አነብለት ነበር፤ ወረፋው ያጉረመርማል። አቶ ታዬ ሙቀቱ ሲከብዳቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ እዚያው ዐረፉ ሲባል ሰማሁ። ኛማል ማታ ማታ ተምራ ዲፕሎማ ያዘች፤ ጀዊ የስደተኞች ጣቢያ ሲከፈት እዚያ ለሰዎች ጉዳይ የምታስፈጽም ሆነች መባሉንም እንደሁሉም ሰው ሰማሁ።

ለአጁሉ የነገርኳት እስከዚህ ነው። ኑዌርኛ ላይ «ጥቂት» የሚለውን መርጣ ሞላች፤ ከዚያ «ይቅርታ ጠይቀሻታል?» አለችኝ። አሁን ልጆች እንዲህ ቀጥ ብለው ነው የሚጠይቁት። «ሠላሳ ዓመት እኮ ነው» አልኳት። «አልጠየቅሽም ማለት ነው» አለች።

በማግሥቱ መኪና ይዤ ጀዊ ወረድኩ። ቤቷን ያልነገረኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ያውቃታል። ከዛፍ ሥር ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መነጽር አድርጋ አገኘኋት፤ ከፊቷ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ወረቀት ይዘው ይጠብቋታል። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። አየችኝና መጻፏን ሳታቆም በአኝዋክኛ «ተቀመጪ» አለችኝ፣ ልክ ትናንት የተለያየን ይመስል። የመቀመጫ ቦታ ስላልነበረ ቆምኩ። ሴቶቹ ፊት መናገር ፈልጌ አልነበረም፤ ግን ቀጥሎ እንደማልችል አውቄ እዚያው ቆሜ ተናገርኩ። ስለ ፎርሙ፣ ከዚያም ሰው ሲሳሳት ዝም ስላልኩባቸው ዓመታት። «ይቅር በዪኝ» አልኩ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «በዚያ ክፉ ሰሞን» አለች፣ «እናቴ ስትሞት አንቺ ትመጫለሽ ብዬ ነበር። ከሥራው ይልቅ ያሳዘነኝ እሱ ነው።» «አውቃለሁ» አልኩ። «ይቅር ብዬሻለሁ ብል ዛሬ ውሸት ይሆናል። ዛሬ ከአፌ አይወጣም» አለች። ራሴን ነቀነቅኩ፣ ለመሄድ ዞርኩ።

«አቻን» አለችኝ ከኋላዬ። «ዓይኔ ደክሟል። ከነዚህ ሴቶች ግማሹን እንኳ በቀን አልጨርስም። ጽሑፍሽ አሁንም ያው ነው?»

«ያው ነው» አልኩ።

አንዷን ሴት በእጇ ጠርታ ከተቀመጠችበት ጆንያ ላይ ጠጋ እንድትልልኝ አደረገች። እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሴትየዋ መናገር ጀመረች፣ ኛማል ተረጎመችልኝ፣ እኔ ጻፍኩ።